ወደፊትን ለመደነስ ስንት ብር ያስፈልጋል?

ከሁለት ወር በፊት አንድ የማውቀው ተወዛዋዥ ደውሎ «አንተ ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርከው? በጀት ሥራልኝ» አለኝ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ዕጣው ይኼ ነው፤ ዘመድ ሁሉ «ዶላር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ይለዋል፣ ጓደኛ ሁሉ በጀት ያሠራዋል፣ ሥራ የሚሰጠው ግን የለም።

ልጁ ማታ ማታ አንድ የባህል ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። ቅዳሜና እሁድ ሠርግ፣ አልፎ አልፎ የሙዚቃ ክሊፕ። አሁን ማዘጋጀት የፈለገው ግን የ40 ደቂቃ የዳንስ ቲያትር ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ2100 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ስምንት ተወዛዋዦች፣ በኮምፒውተር የተሰባበረ የክራር ድምፅ፣ ንግግር የሚባል የሌለበት። እስክስታ አለው። ጭራ የለም፣ እንስራ የለም፣ ከኋላ የተሳለ ጎጆ ቤት የለም። «ማን ሊያየው ነው?» ልለው ስል ሁለት ቪዲዮ በቴሌግራም ላከልኝ።

አንደኛው የአሜሪካዊው ኮሪዮግራፈር የካይል አብርሃም ሥራ ቅንጫቢ ነው። ሞዛርት ሳይጨርሰው የሞተውን የሙታን ጸሎት ሙዚቃ፣ ሬክዊየምን፣ ጄሊን የምትባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው በታትና እንደገና ሰፍታዋለች። ተወዛዋዦቹ በዚያ ላይ ከባሌት ወደ ሂፕሃፕ፣ ከሂፕሃፕ ወደ ጭፈራ ቤት እንቅስቃሴ ይመላለሳሉ። ሁለተኛው የናይጄሪያዊው ቁዱስ ኦኒኬኩ «ሪ-ኢንካርኔሽን» ነው። ኦኒኬኩ ፈረንሳይ ውስጥ ሰርከስ ተምሮ፣ ኋላ ሌጎስ ተመልሶ የዳንስ ማዕከል ያቋቋመ ሰው ነው። ሥራው ዮሩባዎች ስለ መወለድ፣ መሞትና ዳግም መወለድ ካላቸው እሳቤ ይነሣል፤ የሚደንሱት ግን በአፍሮቢትስ ያደጉ የዛሬ የሌጎስ ወጣቶች ናቸው። ሁለቱንም በአካል አላየኋቸውም። እንደ አብዛኞቻችሁ በስልክ ነው ያየሁት፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ።

እንዲህ ያለውን ሥራ አፍሮፉቱሪዝም ከሚባለው ሠፈር ይመድቡታል። ቃሉን ማርክ ዴሪ የተባለ አሜሪካዊ ሃያሲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው ያወጣው፤ ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ሰን ራ የሚባለው የጃዝ ሰው ገና ድሮ ከሳተርን እንደመጣ እየተናገረ፣ ባንዱን ከፈርዖንም ከጠፈርተኛም የተቀላቀለ ልብስ አልብሶ ይዞር ነበር። እኛ ግን አብዛኞቻችን ነገሩን ያወቅነው እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ባስገባው «ብላክ ፓንተር» ነው።

በዳንስ ሲሆን ጉዳዩ ከፊልሙ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1860 አሜሪካ ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ይኖር ነበር። የእያንዳንዱ ሰው አካል በሒሳብ መዝገብ ላይ ዕድሜውና ዋጋው ተጽፎ የሚሸጥ፣ የሚወረስ፣ ለባንክ በመያዣነት የሚቀርብ ንብረት ነበር። የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚዎች ሲያሰሉት፣ የእነዚህ ሰዎች «ዋጋ» በጊዜው ከአገሪቱ የባቡር ሐዲዶችና ፋብሪካዎች ድምር ይበልጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህን ያነበብኩ ቀን ሌላ ገጽ መግለጥ አቅቶኛል። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ማንም ባላዘዘው እንቅስቃሴ ሲንቀሳቀስ «ነፃነት» መፈክር መሆኑ ይቀራል፤ ትከሻና ጉልበት ይሆናል። የአያቱ ስም ተወስዶበታል፣ ቋንቋው ተወስዶበታል። ያልተወሰደበት ገና ያልመጣው ጊዜ ብቻ ነው። አፍሮፉቱሪስቶች ስለ ነገ የሚጨነቁት መንኮራኩር ስለሚወዱ አይደለም።

እኛስ? እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለን፤ የገባነው ግን በስም ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 እና በ1903 ፖሊን ሆፕኪንስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ በመጽሔት ላይ ተከታታይ ልቦለድ አወጣች። አንድ የሕክምና ተማሪ ወደ አፍሪካ ተጉዞ ከሜሮዌ ፍርስራሽ ሥር የተደበቀች፣ ሥልጣኔዋ ያልጠፋ የጥንት ኢትዮጵያውያን ከተማ ያገኛል፤ ለካ የዙፋኗ ወራሽ እሱ ራሱ ነው። ዋካንዳ በኮሚክ መጽሐፍ ከመታየቷ ከ60 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ በርት ዊሊያምስና ጆርጅ ዎከር የተባሉ ጥቁር የመድረክ ሰዎች ኒውዮርክ ላይ «አቢሲኒያ» የተባለ ሙዚቃዊ ቲያትር አሳዩ። አፄ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ በዚያ መድረክ ላይ ገጸ ባህርይ ነበሩ።

ትልቁ ግን የዱ ቦይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913፣ የባሪያ ነፃነት አዋጅ 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ የታሪክ ሊቁና ታጋዩ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ «የኢትዮጵያ ኮከብ» የተሰኘ ግዙፍ ትርዒት ኒውዮርክ ውስጥ አቀረበ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች የጥቁርን ሕዝብ ታሪክ ከጥንት አንሥተው በሙዚቃ፣ በዳንስና በሰልፍ አሳዩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ላይ ሲደገም ተሳታፊው ወደ 1,000 ደርሷል። ኋላም ፊላዴልፊያና ሎስ አንጀለስ ታይቷል። ዛሬ አፍሮፉቱሪስት የዳንስ ቲያትር የምንለው ነገር የቀድሞ ዘመድ ይፈለግለት ቢባል፣ እኔ መጀመሪያ የምጠቁመው ይህንን ነው። በራሱ ላይ የተጻፈው ደግሞ የእኛ ስም ነው።

የዱ ቦይስ ኢትዮጵያ በርግጥ የመርካቶ ኢትዮጵያ አይደለችም። ከመጽሐፍ ቅዱስና ከግሪክ ጽሑፎች የመጣች፣ ለመላው ጥቁር ሕዝብ የቆመች ስም ነች፤ ዓድዋ ደግሞ ለስሙ ሥጋ ጨመረለት። በዚህ አልቀየምም፣ እኮራበታለሁ እንጂ። ግን በኢኮኖሚክስ ዓይን ሳየው ከቡናችን ጋር ይመሳሰልብኛል። ጥሬውን ላክን፣ ሌላ ቦታ ተቆላ፣ ተፈላ፤ ዋካንዳ ሆኖ ሲመለስ ትኬት ገዝተን ገባን። ናይጄሪያዊ-አሜሪካዊቷ ደራሲ ኔዲ ኦኮራፎር እ.ኤ.አ. በ2019 «አፍሪካንፉቱሪዝም» የሚል የተለየ ቃል ያመጣችውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መነሻውም መድረሻውም አፍሪካ የሆነ፣ ምዕራቡን መሃል ላይ የማያስቀምጥ ነገር ፈልጋ ነው። የእኛን መልክዓ ምድርና የእኛን ቋንቋ ይዞ ወደ ሩቁ ዘመን የሄደውን «ክራምብስ» የተሰኘ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ሰላም ተስፋዬና ዳንኤል ታደሰ ተውነውበታል። ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ጥሩ ፊልም ነው፤ ነገራችንን ግን ያስታውሳል።

ወደ ልጁ ልመለስ። በአማርኛ ሁለት ቃል አለን፤ «ውዝዋዜ» እና «ዳንስ»። አባቴን ብትጠይቁት ውዝዋዜ የእኛ ነው፣ ዳንስ የፈረንጅ። አንደኛው ቃል ውስጥ ትናንት አለ፣ ሁለተኛው ውስጥ የሰው አገር። የእኛ ሆኖ ገና ያልተፈጠረው እንቅስቃሴ በየትኛው ይጠራ? «ዘመናዊ ውዝዋዜ» የሚል አለ፤ እሱም ቢሆን ክሊፕ ላይ ያሉትን ልጆች ነው የሚያስታውሰን።

የባህል ምግብ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ጎጃም፣ ትግራይ፣ ጉራጌ፣ ኦሮሞ፣ ወላይታ፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት ደቂቃ። ጓደኛዬ በአንድ ምሽት ስድስት ብሔረሰብ ሆኖ ይገባል፣ ይወጣል። ልብስ ለመቀየር የሚሰጠው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው፣ የእናቱና የአባቱ አገር ይለያያል፣ ከሁሉም በላይ አሳምሮ የሚጫወተው ደግሞ የሁለቱንም ወገን አይደለም። እኛ ፌስቡክ ላይ ስለ ማንነት ስንሰዳደብ የምናድረውን ጉዳይ እሱ በየምሽቱ በላብ ይሠራዋል። አንድ ቀን በጣም ደክሞት መድረክ ጀርባ ቆሞ፣ የለበሰው የትኛውን እንደሆነ ለጥቂት ሰከንድ እንደጠፋበት አጫውቶኛል።

ቲያትሩ የተወለደው ከዚያች ሰከንድ ነው። በ2100 ዓ.ም. አንድ ተወዛዋዥ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ይነቃል፤ መስቀያዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ማን ሆኖ እንደሚወጣ የሚነግረው ልብስ የለም። ትከሻው ግን አንድ ነገር ያስታውሳል፣ እግሩ ሌላ ነገር፣ አንገቱ ሦስተኛ። የማንንም ባህል ማጥፋት አይደለም ሐሳቡ፤ በአንድ ሰው ውስጥ ሁሉም አብረው ሲነሡ ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣ ማየት ነው። ካይል አብርሃምና ኦኒኬኩ በየራሳቸው መንገድ የሚጠይቁት ይህንኑ ይመስለኛል። እኛ አገር ሲጠየቅ ግን አደጋውም ጥቅሙም የእኛው ነው።

አሁን ወደ በጀቱ። ስምንት ተወዛዋዥ፣ የሦስት ወር ልምምድ፣ ለአንዱ በወር 15,000 ብር ብለን ብንይዝ 360,000 ብር። አዳራሽ፣ መብራት፣ ሙዚቃና ልብስ በግምቴ ሲጨመር ከ600,000 በታች አልወርድ አለኝ። 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ትኬቱ 300 ብር፣ ወንበር ሳይቀር ቢሞላ በአንድ ምሽት 60,000 ብር ይገባል። ወጪውን ለመመለስ ብቻ አሥር ሙሉ ምሽት ያስፈልጋል፤ ያለ ንግግር ለሚቀርብ የ40 ደቂቃ ዳንስ።

ባውሞልና ቦወን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ነገር አብራርተውታል። ፋብሪካ በየዓመቱ በትንሽ ሠራተኛ ብዙ ማምረት ይማራል፤ ደሞዝም በዚያው ልክ ያድጋል። አራት ሰው የሚጫወተው ሙዚቃ ግን ከ200 ዓመት በፊትም አራት ሰው ይፈልግ ነበር፣ ዛሬም አራት ሰው ነው፣ ደቂቃውም ያው ነው። የመድረክ ሥራ ስለዚህ ከሌላው አንጻር እየተወደደ ይሄዳል። ማሽን አስገብተህ የስምንት ሰው ልምምድ በሁለት ሰው አታደርገውም።

የባህል ምግብ ቤቱ ከዚህ ወጥመድ ያመለጠበት መንገድ ደግሞ ብልህ ነው። የሚሸጠው ውዝዋዜ የልምምድ ወጪ ቅድመ አያቶቻችን ከፍለውታል። እንቅስቃሴው ተፈጥሯል፣ ተፈትኗል፣ ሕዝቡ ያውቀዋል። አዲስ ተወዛዋዥ በጥቂት ሳምንት ይማረዋል፣ በዓመት 300 ምሽት ይደግመዋል። የሚበላውና የሚጠጣው ደግሞ ቀሪውን ይሸፍናል። ስለዚህ ትናንትን መሸጥ የአስተሳሰብ ድህነት አይደለም፤ የሒሳብ ውጤት ነው። «ወጣቱ ፈጠራ የለውም» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ የምበሽቀው ለዚህ ነው። ፈጠራ የማይከፈልበት የሦስት ወር ጊዜ ይፈልጋል፤ የቤት ኪራይ ደግሞ በየወሩ ነው የሚመጣው።

ጊዜውን የሚገዛ ሰው ሲገኝ ምን እንደሚሆን አይተናል እኮ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ «ካርሚና ቡራና»ን አሳየ። ከዚያ የተመረጡ ልጆች መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን በሚረዳው በጀሚኒ ትረስት ሥር ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የዳንስ ቲያትርን መሠረቱ። ከመካከላቸው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ ፕሮግራም የጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ለመሆን ተመረጠ። እሱና አዲሱ ደምሴ እ.ኤ.አ. በ2009 ለንደን፣ ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ደነሱ። ተሰጥኦ ከየት መጣ? ጎዳና ላይ ነበር። የጨመረው አንድ ነገር የሥልጠና ዓመታቱን የከፈለ ሰው መገኘቱ ነው።

ያንን የከፈለው ግን የውጭ እጅ ነው፤ ይህ እጅ ደግሞ አሁን እየታጠፈ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ፈንድ ለብዙ ቲያትርና ዳንስ ድርጅቶች የሰጠውን ድጋፍ በኢሜይል ሰርዟል። እዚያው አገራቸው እንዲህ ከሆነ፣ ለእኛ ይተርፋል ብሎ መጠበቅ ዘበት ነው። የአውሮፓ ፌስቲቫል ቢጋብዝህስ? የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ሕጉን አጥብቋል። የማመልከቻው ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባው ቪዛም ቀረ። ምክንያቱ ከኪነ ጥበብ ጋር አይገናኝም፤ መንግሥታት ስለ ተመላሽ ስደተኞች ባለመስማማታቸው ነው። በሦስት ከተማ ተጋብዞ ለሚዞር ቡድን ግን ይህ ማለት ሥራው ሞተ ማለት ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ 2016 ላይ ብር ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ የዶላር ምንዛሬው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ የውጭ ክፍያ ከመቼውም በላይ ያጓጓል፣ በሩ ከመቼውም በላይ ጠቧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ተወዛዋዡ የሚሠራው ለጋባዡ የሚጥመውን ነው። ለጋባዥ የሚጥመው ደግሞ ሁልጊዜ የእኛ ጥያቄ አይደለም።

እኔ ዓይኔን የምጥለው ወደ አገር ቤት ነው። መንግሥት ነገን ለማሳየት ገንዘብ አጥቶ አያውቅም። መስከረም 2015 ላይ የተመረቀውን የሳይንስ ሙዚየም አስቡት፣ ክብ ጣሪያው፣ የሕዋ ምስል የሚታይበት አዳራሹ። የኮሪደሩን መብራት አስቡት። ሕንፃዎቻችን ዋካንዳን መምሰል ጀምረዋል። ምረቃው ቀን ግን መድረኩ ላይ የሚወጣው ማነው? ያው አራት አራት ደቂቃ፣ ያው ልብስ። መስታወቱ የነገ ነው፣ ከፊቱ የሚቆመው ሰው የትናንትን እንዲወክል ተነግሮታል። ለአንድ ምረቃ ድንኳን ከሚወጣው ወጪ ሩቡ ለልምምድ ቢውል፣ በየወረዳው ያሉ የወጣት ማዕከላት አዳራሾች ጠዋት ጠዋት ባዶ በሚሆኑበት ሰዓት ለተወዛዋዥ ቢለቀቁ፣ ነገሩ ይንቀሳቀሳል። ይህ ትልቅ ፖሊሲ አይደለም፤ ቁልፍ የያዘ ሰው መፍቀድ ብቻ ነው።

«ቲክቶክ እያለ አዳራሽ ምን ያደርጋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስልኩ መድረኩን አርክሶታል፣ እውነት ነው። የልምምዱን ጊዜ ግን አላረከሰውም። በዚያ ላይ ቲክቶክ ለቪዲዮ በቀጥታ የሚከፍልበት ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ገንዘቡ ያለው ላይቭ ገብቶ ጊፍት መለመኑ ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሚያውቅ ልጅ ሦስት ወር ከሚለማመድ ሦስት ሰዓት «አንበሳ ላኩልኝ» ቢል ያዋጣዋል። ደግሞስ የደነስከው የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 ጃላያ ሃርመን የተባለች የአትላንታ ታዳጊ «ሬኔጌድ» የተባለውን ዳንስ ፈጠረች፤ ዓለም ሁሉ ደነሰው፣ ስሟ የታወቀው ግን ሌሎች በእሱ ከገነኑ በኋላ ነው። ኮሪዮግራፈሩ ካይል ሃናጋሚም ዳንሴን ወሰደብኝ ብሎ የ«ፎርትናይት»ን ባለቤት ከሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩ ውድቅ መደረጉን ሽሮ እንዲታይለት ወስኗል። ኦኒኬኩ ራሱ ከመድረክ ሥራው ጎን የዳንስ ፈጣሪዎች መብት በቴክኖሎጂ የሚጠበቅበትን መንገድ መፈለግ የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ኮሪዮግራፊን ይጠብቃል፤ ሥራው ወጥና ግዙፍነት ያገኘ እስከሆነ ድረስ። ግዙፍነት ማለት በእናንተ ቋንቋ «ተቀርጿል ወይ?» ነው። እናም እባካችሁ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ሙሉውን ቀርጻችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሒሳቡን ለጓደኛዬ ላክሁለት። ሁለት ቀን አልመለሰልኝም። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ስምንቱ ሰው ሦስት ሆነዋል፣ ሦስቱ ወር ሁለት ሆኗል፤ 90,000 ብር። ክራሩን በነፃ የሚጫወትለት ሰው አግኝቷል፣ ልብስ ደግሞ ከመጀመሪያውም የለም፣ ታሪኩ ራሱ ይኼው ነው። አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ማታ በሚሠራበት ምግብ ቤት ወንበሮቹን ወደ ጥግ ሰብስበው እየተለማመዱ ነው፤ አስተናጋጆቹ እየጠረጉ ያይዋቸዋል። የቀረው የመብራት ኪራይ ነበር። እሱንም ሰርዘው አለኝ፤ ተመልካቹ በስልኩ ፍላሽ ያበራላቸዋል፣ ትኬቱ ላይም «ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ» ተብሎ ይጻፋል።